ሁሉን ራሴ ልሥራ ወይስ ሁሉን ለሰው ልስጥ?



እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በግቢያችን ቡና ሲፈላ የሚነሣው ወሬ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የማዳም ወሬ ነው። ሁለተኛው «አገሬ ስገባ የምከፍተው» የሚለው ወሬ ነው። አንዷ እንጀራ ቤት ታስባለች፤ አንዷ ፀጉር ቤት፤ ሌላዋ የልብስ ሱቅ፤ ሌላዋ ደግሞ ዶሮ እርባታ። ስንት ብር እንደሚፈልግ፣ ቤቱ በስንት እንደሚከራይ፣ ዕቃው ከየት እንደሚገዛ ብዙ ይባላል። አንድ ጥያቄ ግን ሲነሣ አንሰማም። ሥራው ከተከፈተ በኋላ የትኛውን ራሴ እይዛለሁ? የትኛውንስ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ? የሚለው ጥያቄ ነው። ዛሬ በዚህ ጉዳይ የሚሰማንን ልንነግራችሁ የፈለግነው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ዓመት የተለፋበት ንግድ ካፒታል ሳያንሰው፣ ገበያ ሳይጠፋለት፣ በዚህ ጥያቄ ብቻ ሲፈርስ ስላየን ነው።

አንዲት እህታችንን እናንሣ። ስሟን አንጠቅስም። እዚህ ቤይሩት 9 ዓመት ሠርታ አገሯ ገባች። አዳማ ላይ ቤት ተከራይታ በ3 የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ማቅረብ ጀመረች። እንጀራዋ ዓይኑ ያማረ ስለነበረ ገበያው ቶሎ መጣላት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ትነሣለች፤ ትጋግራለች። ሲነጋ ራሷ በባጃጅ ጭና ለየምግብ ቤቱ ታደርሳለች። ከዚያ ዱቤ ለመሰብሰብ ትዞራለች። ከሰዓት በኋላ እህል ተራ ሄዳ ጤፍ ትገዛለች፤ ወፍጮ ቤት ተሰልፋ ታስፈጫለች። ማታ ታቦካለች፤ ምጣድ ትጠርጋለች፤ ወለል ታጥባለች። «ሌላ ሰው ቢነካው ይበላሽብኛል» ትለን ነበር በስልክ። በሁለተኛው ዓመት ታመመች። ሐኪሙ ዕረፍት አዘዘላት።

ያን ጊዜ ምን አደረገች? ቁልፉን፣ የገንዘብ ሣጥኑን፣ ደብተሩንና ማኅተሙን በአንድ ጠዋት ለወንድሟ አስረክባ እናቷ ዘንድ ገጠር ገባች። ከ3 ወር በኋላ ስትመለስ ምጣዶቹ እንደ ጋሉ ነበሩ፤ ሥራው አልቆመም። ነገር ግን ሁለት ምግብ ቤቶች ሌላ አቅራቢ ይዘዋል። ጤፍ ነጋዴው ያልተከፈለው ዕዳ አለኝ ይላል። ደብተሩ ከሁለተኛው ሳምንት ወዲያ ባዶ ነው። ወንድሟ ሌባ አልነበረም። ረከሰ ብሎ ሌላ እህል የተቀላቀለበት ዱቄት ገዛ፤ ጓደኞቹ ሲለምኑት ዱቤ ሰጠ፤ ለራሱም ደመወዝ ስላልተቆረጠለት በቸገረው ቁጥር ከሣጥኑ ወሰደ። አለቀ። እርሷ የተናገረችው ቃል እስከ ዛሬ አይረሳንም። «መጀመሪያ ማንንም አላምንም አልሁ፤ ቀጥሎ ሁሉን አመንሁ» አለች።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ዘመድ አይታመንም» ብሎ ይፈርዳል። እኛ ግን እንደዚያ አናይም። በእኛ አስተያየት የመጀመሪያው ዓመት ስሕተትና የሁለተኛው ዓመት ስሕተት አንድ ናቸው። በሁለቱም ጊዜ ሥራዎቹ ተለይተው አልተቀመጡም። ወለል ማጠብና ጤፍ መምረጥ፣ ባጃጅ መጫንና ዱቤ መፍቀድ እንደ አንድ ሥራ ታዩ። አንድ ላይ ስለታሰሩ አንድ ላይ ተያዙ፤ በመጨረሻም አንድ ላይ ተሰጡ።

ይህን ስንል ራሳችንን ንጹሕ አድርገን አይደለም። ባለፈው ዓመት በበዓል ቀን የግቢውን መስተንግዶ እንድናስተባብር ተሰጥቶን ነበር። ወጡን፣ ወንበሩን፣ ድንኳኑን ሁሉ ራሳችን ካላየነው አይሆንም ብለን ስንሮጥ ዋልን። የዕቃ ቤቱንም ቁልፍ ማንም እንዳይነካው በኪሳችን ያዝን። በመካከሉ አንዲት እህት ሆስፒታል ገባች ተብሎ ተጠርተን ሄድን። ሕዝቡ ሳሕን አጥቶ ሁለት ሰዓት ተቀመጠ፤ ሳሕኑ ዕቃ ቤት ነበረ፤ ቁልፉ ደግሞ በእኛ ኪስ ውስጥ ነበረ። አባታችን የተናገሩን አጭር ነበር፤ «ለአንዲት እህት ቁልፍ መስጠት ከበዳችሁ?» አሉን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ተረት ስንናገር ኖረን ራሳችን ሃምሳውን ሎሚ ተሸክመን ተገኘን።

ለመስጠት የሚገባው የትኛው ነው?

አንድን ሥራ ለሌላ ሰው ከመስጠታችን በፊት ሦስት ነገር ብንጠይቅ መልካም ነው። ይህ ሥራ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ተመልሶ የሚመጣ ነው ወይ? በጥቂት ቀን ውስጥ በእጅ አሳይቼ ላስተምረው እችላለሁ ወይ? ከተሠራ በኋላ መልካም መሆኑን በዓይኔ አይቼ ወይም ቆጥሬ ላውቅ እችላለሁ ወይ? ለሦስቱም መልሱ አዎን ከሆነ ያ ሥራ የሚሰጥ ሥራ ነው፤ ይዘን መቀመጣችን ኪሳራ ነው።

በእንጀራ ቤቱ እንመልከተው። መጋገር በየቀኑ የሚመጣ ነው። ማስተማር ይቻላል፤ አብዛኛዋ የአገራችን ልጅ እንዲያውም አስቀድማ ታውቀዋለች። ውጤቱም ይታያል፤ ዓይን የሌለው እንጀራ፣ የተቀደደ እንጀራ፣ ያረረ እንጀራ ሰፌድ ላይ ሲወጣ ወዲያው ይታወቃል። ቁጥሩም ይቆጠራል። ስለዚህ መጋገር ይሰጣል። ምጣድ መጥረግ፣ ማሰሻ ማጠብ፣ ወለል ማጽዳት፣ እንጀራውን ቆጥሮ ማሸግ፣ ማድረስ፣ ወፍጮ ቤት መሰለፍ፣ እነዚህም ሁሉ ይሰጣሉ።

ነገሩን በሰዓት እናስላው። ለአንድ እንጀራ 3 ደቂቃ ብንይዝ በአንድ ምጣድ በሰዓት 20 እንጀራ ይወጣል። በቀን 300 የታዘዘባት ሴት በአንድ ምጣድ 15 ሰዓት፣ በ3 ምጣድ ደግሞ 5 ሰዓት ከእሳት ፊት ትቆማለች። ከዚያ በላይ 2 ሰዓት ማድረስ፣ 2 ሰዓት ዱቤ መሰብሰብ፣ 3 ሰዓት እህል ተራና ወፍጮ ቤት፣ 2 ሰዓት ማቡካትና ማጽዳት ብንጨምር 14 ሰዓት ሞላ። ታዲያ ይህች ሴት መቼ ተቀምጣ ታስባለች? ዋጋው ያዋጣ ወይም አያዋጣ እንደሆነ መቼ ታሰላለች? አዲስ ደንበኛ መቼ ታነጋግራለች? ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። በዓሥራ አራተኛው ሰዓት የምትሠራው ባለ ሱቅ አይደለችም፤ ለራሷ የተቀጠረች፣ ዕረፍት የሌላት ሠራተኛ ናት።

መያዝ ያለበትስ?

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ አብዛኛው ንግድ የሚፈርሰው በዚህ በኩል ነውና። ሲሳሳቱበት ወዲያው የማይታይ፣ በታየም ጊዜ የማይመለስ ሥራ አይሰጥም። ያረረ እንጀራ ዛሬ ይታያል፤ ነገ ይታረማል። ለማይከፍል ምግብ ቤት የተሰጠ ዱቤ ግን የሚታየው ከ2 ወር በኋላ ነው። የረከሰ ዱቄት የሚታወቀው ደንበኛ ሳይናገር ሲቀር ነው። እንግዲህ ገንዘቡ፣ ዋጋ መቁረጥ፣ ለማን ዱቤ ይሰጥ የሚለው፣ ሰው መቅጠርና ማሰናበት፣ ጤፉን መምረጥና ፊርማ፣ እነዚህ በባለቤቷ እጅ ይቆዩ እንላለን። ሌላው ቢቀር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት።

ገንዘቡን ሁሉ ራሷ ትቀበል ማለታችን አይደለም። አንድ ሰው ብቻውን ገንዘብ ተቀብሎ፣ ብቻውን ጽፎ፣ ብቻውን ዕቃ አይግዛ ማለታችን ነው። አንዷ እንጀራውን ቆጥራ ታሽግ፤ ሌላው አድርሶ ገንዘቡን ይቀበል፤ ማታ ሁለቱ ቁጥሮች ባለቤቷ ፊት ይገናኙ። 300 ወጥቶ የ280 ሒሳብ ከገባ ጥያቄው የዚያኑ ዕለት ይነሣል፤ ሁሉም ስለሚያስታውስ መልሱ ይገኛል። ከ3 ወር በኋላ የተነሣ ጥያቄ ግን ጠብ እንጂ መልስ አያመጣም።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። ከባድ ሥራ ሁሉ ይያዝ ማለትም አይደለም። የግብር ሒሳብ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ካላወቅነው ለሚያውቅ ሰው ከፍለን ማሠራት ይሻላል። መብራት መጠገንም እንዲሁ። የማናውቀውን ሥራ «ራሴ ልሞክረው» ማለት ቁጠባ አይደለም። ብቻ ሒሳብ ሠሪው የጻፈውን ወረቀት ሳናነብ አንፈርም። ያልገባንን ቁጥር «ይህ ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ። መጠየቅ አያሳፍርም፤ የቤቱ ባለቤት እኛ ነን።

«መጀመሪያ ሁሉን ራስሽ ካልሠራሽው እንዴት ታዝዢበታለሽ?» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ጋግራ የማታውቅ ሴት ጋጋሪዋን ልትቆጣጠር አትችልም። የመጀመሪያዎቹን ወራት እያንዳንዱን ሥራ በእጅ ማወቅ ይገባል። ሆኖም ያ ወቅት የትምህርት ወቅት ነው፤ ትምህርት ደግሞ ማለቂያ አለው። በእነዚያ ወራት አንድ ደብተር ይዘን ይህ ሥራ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ስንት ዱቄት ስንት እንጀራ ያወጣል፣ አብሲቱ መቼ ይጣላል ብለን ብንጽፍ፣ ያ ደብተር በኋላ ለምንቀጥራት ልጅ መምህር ይሆናል።

እዚህ ሆነን አገር ቤት ንግድ ያለን

እስካሁን የተናገርነው አገሯ ለገባችው ነው። ከእናንተ መካከል ግን እዚሁ ሆናችሁ በላካችሁት ገንዘብ አገር ቤት ሱቅ ያስከፈታችሁ ብዙዎች ናችሁ። ለእናንተ ጥያቄው ይከብዳል፤ ምጣዱንም ሣጥኑንም አታዩትምና። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንዳይሆን እንፈራለን።

እናንተ የምትሰጡት ሥራ በወረቀት የሚሰጥ ነው፤ ስሙም ውክልና ነው። ስለዚህ ወረቀት ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውክልናን በሁለት ይከፍለዋል፤ ጠቅላላና ልዩ። በአንቀጽ 2203 እንደ ተደነገገው በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የሚያገለግለው ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። የአስተዳደር ሥራ የሚባለው ንብረት መጠበቅና ማደስ፣ ከ3 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ ለሽያጭ የተዘጋጀ ዕቃ መሸጥና ይህን የመሳሰለው ነው። ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ፣ ስጦታ ለመስጠት፣ በፍርድ ቤት ለመከራከር ግን ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል፤ ይህም በአንቀጽ 2205 ተጽፏል።

እንግዲህ ሕጉ ራሱ እኛ ከላይ እንዳልነው ሥራውን ለይቶ አስቀምጦታል። የዕለት ተዕለቱ በአንድ ወገን፣ የማይመለሰው በሌላ ወገን። ችግሩ የሚመጣው «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በመያዣ ለማስያዝ፣ ለመበደር...» የሚል ረጅም ዝርዝር ያለበትን ወረቀት ሳናነብ ስንፈርም ነው። ያ ወረቀት በሕጉ ተለይቶ የተቀመጠውን አንድ ላይ አስሮ ያስረክባል። እናንተ የምትፈልጉት ወንድማችሁ ሱቁን እንዲያስተዳድር፣ የንግድ ፈቃዱን በየዓመቱ እንዲያሳድስ፣ ግብር እንዲከፍል ከሆነ እርሱ ብቻ ይጻፍ። መሸጥና መበደር ካላሰባችሁ እነዚያ ቃላት ይሰረዙ። ጸሐፊው ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ማንበብ የሚከብዳችሁ ካላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ እኛ ኑ፤ ቃል በቃል እናነብላችኋለን።

ሁለት ነገር ደግሞ ልብ በሉ። በአንቀጽ 2213 መሠረት ተወካዩ በተጠየቀ ጊዜ ሁሉ ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበት። በአንቀጽ 2226 መሠረት ደግሞ የሰጣችሁትን ውክልና በፈለጋችሁ ጊዜ ልትሽሩት ትችላላችሁ። ስትሽሩ ግን በስልክ «ከዛሬ ጀምሮ ተወው» ማለት አይበቃም። በጽሑፍ ሽራችሁ ውክልናው ለተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት፣ ለባንኩና አብረዋችሁ ለሚነግዱት ሰዎች አሳውቁ። ያልሰማ ሰው አሮጌውን ወረቀት አይቶ ሊዋዋል ይችላልና።

«ወንድሜን እንዴት ሒሳብ እጠይቀዋለሁ?»

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል! ይሉኝታ የአገራችን ጌጥ ነው፤ በንግድ ቤት ግን ብዙ ቤተሰብ አፍርሷል። እስቲ በቅንነት እናስበው። ወንድምን ከወንድም የሚያጣላው የተጠየቀ ሒሳብ ነው ወይስ ሳይጠየቅ የተከማቸ ሒሳብ? እኛ ያየነው ሁለተኛውን ነው። በየሳምንቱ እሑድ የደብተሩን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሥቶ በኢሞ ወይም በዋትስአፕ የሚልክ ወንድም፣ እኅቱ በጥርጣሬ አትታመምም፤ እርሱም ጎረቤት በወሬ አያማውም። ልማዱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩት። ከመጀመሪያው የተጀመረ እንደ ሥራ ሥርዓት ይታያል፤ ከዓመት በኋላ የተጀመረ ግን እንደ ክስ ይታያል።

ደመወዝም ቁረጡለት። «ወንድሜ ነው፣ ከሱቁ ይበላል» ማለት ደግነት ይመስላል፤ እርሱን ግን ለፈተና ይሰጠዋል። ደመወዝ ያልተቆረጠለት ወንድም ድርሻውን ራሱ ይቆርጣል፤ ስንት እንደ ቆረጠም ራሱ እንኳ አያውቀውም። የታወቀ ደመወዝ ያለው ወንድም ግን በላቡ የሚኖር፣ ቀና ብሎ የሚሄድ ሰው ነው።

እናንተ ከሁሉ ይልቅ የምታውቁት

ሥራ እንዴት እንደሚሰጥ የሚያስተምሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሰጪዎች ናቸው። እናንተ ግን ተቀባዮች ናችሁ። ስለዚህ ከእነርሱ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ማዳም ልጇን፣ ማጀቷን፣ የታመመች እናቷን በእናንተ እጅ ጥላ ስትወጣ ሥራ ማስረከቧ ነው። እስቲ ከሠራችሁባቸው ቤቶች ሁሉ የትኛው ቤት ሥራው ቀለላችሁ? ሥራው ያነሰበት ቤት ነው?

አንዲት እህት የነገረችንን እናካፍላችሁ። በመጀመሪያው ቤት ማዳሟ ምን እንደምትፈልግ ሳትነግራት፣ ሲሠራ አጠገቧ ቆማ «እንደዚህ አይደለም» ትላት ነበር። ሸሚዝ ስትተኩስ ከእጇ ትነጥቃታለች፤ ወጥ ስትሠራ ማማሰያውን ትቀማታለች። በሁለተኛው ቤት ያለችው ማዳም በመጀመሪያው ቀን ራሷ ሠርታ አሳየቻት፤ በሁለተኛው ቀን አብራት ሠራች፤ በሦስተኛው ቀን ትታት ወጣች። ማታ መጥታ አየች፤ መልካሙን «መልካም» አለች፤ የጎደለውን ልጆቹ በሌሉበት ነገረቻት። «በሁለተኛው ቤት ሥራው እጥፍ ነበረ፤ ግን አልደከመኝም» አለችን።

ከዚህ የበለጠ ትምህርት ከየት ይመጣል? አሳዩ፤ አብራችሁ ሥሩ፤ ተዉ፤ በታወቀ ሰዓት ተመልከቱ። ያለቀ ሥራ ምን እንደሚመስል አስቀድማችሁ ተናገሩ። ለሥራው የሚያስፈልገውን ዕቃ ስጡ። የሰጣችሁትን ሥራ መልሳችሁ አትንጠቁ፤ አንድ ቀን እንጀራው ስለተቀደደ ጋጋሪዋን ገፍታችሁ ምጣዱ ላይ አትቀመጡ። እንዲህ ካደረጋችሁ ያቺ ልጅ ከዚያ ወዲያ በእናንተ ዓይን ብቻ የምትሠራ ትሆናለች፤ ዞር ስትሉ እጇ ይቆማል።

አሁን ወደሚከብደን ነገር እንምጣ። አገራችሁ ገብታችሁ ስትከፍቱ የምትቀጥሯት ልጅ ከገጠር የመጣች፣ ከተማ የማታውቅ፣ ከምጣዱ አጠገብ ለማደር የምትስማማ ልጅ ልትሆን ትችላለች። እዚህ ስትመጡ እናንተ እንደነበራችሁት ማለት ነው። ያን ጊዜ እናንተ ማዳም ናችሁ። እሑድ ዕረፍት ሲከለከል ያለቀሳችሁትን፣ ስልክ ሲወሰድባችሁ፣ ደመወዝ ለሚመጣው ወር ሲባል የተቃጠላችሁትን ታስታውሳላችሁ? በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በንግድ ቤት የተቀጠረች ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓቷ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በሳምንት ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት አላት። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አላት። ስትወልድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ታርፋለች። ይህ ለጋጋሪዋም፣ ለአድራሹም፣ ለጽዳት ሠራተኛዋም ነው።

«አነስተኛ ንግድ ይህን ሁሉ አይችልም» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ገንዘቡ እጅግ ጠባብ ነው። ነገር ግን ሥራን ለሌላ መስጠትና ሸክምን በሌላ ላይ መጣል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። 14 ሰዓት እኛን ከገደለን ለእርሷ ብንሰጠው እርሷን ይገድላታል። የተካፈለ ሥራ ለሁለቱም ይቀላል። ለአንድ ሠራተኛ የሚከብድ ትእዛዝ ከመጣ ሌላ ሠራተኛ ለመቅጠር የማይበቃ ከሆነ፣ ትእዛዙን መቀነስም የባለቤት ሥራ ነው። ይህን ውሳኔ ማንም ስለ እናንተ አይወስንም፤ ከማይሰጡት ሥራዎች አንዱ ነው።

ይህ ሁሉ አዲስ ጥበብ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አይቶት አዘነለት። አንተም ትደክማለህ፣ ሕዝቡም ይደክማል አለው። የመከረውም ቀላሉን ነገር የታመኑ ሰዎች እንዲይዙት፣ ከባዱ ግን ወደ ሙሴ እንዲመጣ ነው። ልብ በሉ፤ ዮቶር «ሁሉን ስጥ» አላለም፤ «ሁሉን ያዝ»ም አላለም። ለይ አለው። ሐዋርያትም ማዕዱን ለሰባቱ የሰጡት ንቀውት አልነበረም፤ ለማዕዱ የተመሰከረላቸውን ሰዎች መርጠው ነው የሰጡት። እኛ የካህን ረዳቶች የዚያ ሥራ ወራሾች ነን፤ ቁልፉን በኪሳችን ይዘን ብንጠፋም።

እንግዲህ እህቶቻችን፣ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እንለምናችሁ። አንድ ወረቀት ወስዳችሁ በመካከሉ መሥመር አስምሩ። ያላችሁን ወይም ያሰባችሁትን ንግድ ሥራዎች ከጠዋት እስከ ማታ አንድ በአንድ ዘርዝሩ፤ ትንሹንም አትተዉ። በየቀኑ የሚመጣውን፣ በእጅ የሚታየውን፣ የሚቆጠረውን በቀኝ ጻፉ። ቢበላሽ የማይመለሰውን በግራ ጻፉ። በቀኝ ካለው አንድ ሥራ ምረጡና ለማን እንደምትሰጡት፣ በስንት ቀን እንደምታሳዩት፣ ደመወዙ ስንት እንደሆነ ከጎኑ ጻፉ። ከዚያም በግራ ያለውን ተመልከቱና ራሳችሁን ጠይቁ። ከዚህ ውስጥ ሳላውቀው ለሰው የሰጠሁት አለ ወይ? ካለ፣ ዛሬ ማታ ስልክ መደወል ትችላላችሁ።

ወረቀታችሁን ይዛችሁ እሑድ ብትመጡ ቡናው እየፈላ አብረን እናየዋለን። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ አሁን በሁለት እህቶች እጅ ነው፤ ሲኒ አይታጣም።

እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ። ቸር ይግጠመን።